የሞዴሉ ጀልባ ሸራ በወረቀት አይተካ

በተቋማችን የትምህርት መርጃ መሣሪያዎች ማዘጋጃ ክፍል በዚህ መንፈቅ ዓመት ከሚሠሩት ሞዴሎች አንዱ ባለ ሸራ ጀልባ መሆኑን አብዛኞቻችሁ ሳታዩ አልቀራችሁም። በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። የጀልባው አካል አልቋል፤ ምሰሶውም ቆሟል። የቀረው ሸራው ብቻ ነው። ታዲያ ባለፉት ሁለት ሳምንታት በምግብ አዳራሹም፣ በመኝታ ቤቱም ስንጨቃጨቅ የሰነበትነው በዚችው ሁለት መዳፍ በማትሞላ ጨርቅ ምክንያት ነው።

ግማሹ ሠልጣኝ፣ «ነጭ ወረቀት ቆርጠን በኮላ ብንለጥፍ ማን ያየዋል?» ይላል። ሌላው ደግሞ፣ «ስፌት ከሆነ ለሴቶቹ ይሰጥ፤ እኛ እንጨቱን ጨርሰናል» ብሎ እጁን አራግፎ ይሄዳል። ጥቂቶች ከነአካቴው፣ «ባሕር የሌለን ሰዎች የመርከብ ሸራ ምን ይሠራልናል? ማረሻ አይሻልም ወይ?» ሲሉ ተሰምተዋል። እኛ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጆች ከሦስቱም ጋር አንስማማም። የማንስማማበትንም ምክንያት መንገድ ላይ እየተቆራረጥን ከምንናገረው በግድግዳው ላይ ብናሰፍረው ይሻላል ብለን ተነሥተናል።

በመጀመሪያ ጀልባው ምን እንደሆነ በግልጽ እንነጋገር። ብዙዎች «የጣና ታንኳ» እያሉ ይጠሩታል። መልኩ ይመስላል፤ የተሠራውም ከደንገል ነው፤ ደንገሉንም ያመጣልን የባሕር ዳር ልጅ የሆነ ባልንጀራችን ነው። ነገር ግን የጣና ታንኳ የሚሄደው በዘንግና በመቅዘፊያ እንጂ በሸራ አይደለም። በታንኳ ላይ ሸራ አቁመን «ይህ የአባቶቻችን ታንኳ ነው» ብለን ለሕፃናት ብናስተምር ውሸት አስተማርን ማለት ነው። የእኛ ሞዴል የ«ራ ሁለተኛው» ሞዴል ነው።

ራ ምን መሰላችሁ? ቶር ሄየርዳል የተባለ ኖርዌያዊ ተመራማሪ የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ ሊሻገሩ ይችሉ እንደነበር በተግባር ለማሳየት ያሠራው ጀልባ ነው። ደንገሉ የተወሰደው ከየት ነው ቢባል ከእኛው ከጣና ሐይቅ ነው! ከጣና ተቆርጦ፣ ደርቆና ታስሮ በብዙ ሺህ ኪሎ ግራም ወደ ግብጽ ተጫነ። የመጀመሪያውን ራ ከቻድ ሐይቅ የመጡ ጀልባ ሠሪዎች በጊዛ ፒራሚዶች ሥር አሰሩት። ግንቦት 17 ቀን 1961 ዓ.ም. ከሞሮኮዋ የሳፊ ወደብ ተነሥቶ በአትላንቲክ ላይ ወደ 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ የኋላ ክፍሉ እየሰመጠ በመሄዱ መንገደኞቹ ትተውት ለመውጣት ተገደዱ። ሁለተኛውን ራ ከደቡብ አሜሪካው የቲቲካካ ሐይቅ የመጡ አይማራዎች ሠሩት። እርሱም ግንቦት 9 ቀን 1962 ዓ.ም. ከዚያው ከሳፊ ተነሣና በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባ። ሐምሌ 5 ቀን መሆኑ ነው። ያ ጀልባ ዛሬ ኦስሎ ከተማ በሙዚየም ተቀምጧል። ከጣና የበቀለ ሣር አትላንቲክን ተሻገረ ማለት እኮ ነው! ይህን ታሪክ በ12ኛ ክፍል እስክንፈተን ድረስ አንድም ቀን አለመስማታችን ያሳዝናል፤ ግን ወደ ሸራው እንመለስ።

የመጀመሪያው ራ ለምን ሰመጠ? ይህን ጥያቄ ወረቀት እንለጥፍ ለሚሉት ወንድሞቻችን እናቀርባለን። በጥንት የግብጽ ሥዕሎች ላይ የጀልባው ኋላ ወደ ላይ ተቆልምሞ ይታያል። ከቁልምሙ ጫፍ እስከ ጀልባው ወለል የተወጠረ አንድ ገመድም ተስሏል። የራ ሰዎች ገመዱ ቁልምሙን ቅርጽ ለማስያዝ ብቻ የተደረገ ስለመሰላቸው አነሡት። ጀልባው ውቅያኖስ ላይ ከወጣ በኋላ የዚያ ገመድ ሥራ ታወቀ። የጀልባውን ኋላ እንደ ቀስት ደጋን ወጥሮ የሚይዘው፣ እንዳይሰጥምም የሚደግፈው እርሱ ኖሯል። ገመዱ በመቅረቱ ኋላው እየወረደ፣ እየወረደ ሄዶ ማዕበሉ እንደልቡ ይወጣበት ጀመር። ሰባት ሰዎች ከሞት የተረፉት በሌላ ጀልባ ተጭነው ነው።

እንግዲህ «ማን ያየዋል?» ለሚለው መልሳችን ይኸው ነው። በትንሽ ሥዕል ወይም በትንሽ ሞዴል ላይ የምትታይ አንዲት ክር ጌጥ ትሁን ሥራ ያላት ትሁን ሳናውቅ ከተውናት፣ ከእኛ የሚማረው ልጅም ሳያውቃት ይቀራል። የወረቀት ሸራ ሸራን አያስተምርም። ወረቀት ነፋስ ሲነካው አይነፋም፤ ይታጠፋል ወይም ይቀደዳል። ልጁም፣ «ሸራ ማለት ነጭ ካርቶን ነው» ብሎ ያድጋል። የጥንት ግብጻውያን እንኳ ለሙት በሚያስቀምጡት ሞዴል ላይ እንዲህ አልቀለዱም። እ.ኤ.አ. በ1922 የተከፈተው የንጉሥ ቱታንካሙን መቃብር ውስጥ 35 ያህል የጀልባ ሞዴሎች ተገኝተዋል፤ ከእነዚህም ከፊሎቹ ገመድና የተልባ እግር ሸራ ያላቸው ነበሩ። ለሞተ ሰው ያን ያህል ከተጠነቀቁ፣ እኛ ለሕያዋን ሕፃናት አንድ ጨርቅ መስፋት ያቅተናል?

«ባሕር የለንም» የሚለውን በአጭሩ እናልፈዋለን። ባሕር የሌለን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ነው፤ ታሪካችን ግን ከዚያ በፊት ብዙ ሺህ ዘመን ይረዝማል። በአዱሊስ ወደብ የአክሱም ነገሥታት መርከቦች ይገቡና ይወጡ ነበር። ዐፄ ካሌብ በ6ኛው መቶ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ525 አካባቢ፣ ጦራቸውን ይዘው ቀይ ባሕርን የተሻገሩት በመርከብ ነው። ደግሞ ለስፌታችን የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። በዚያው ዘመን የነበረው የቢዛንታይኑ ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒየስ እንደጻፈው በዚያ ባሕር የሚመላለሱት መርከቦች ሳንቃቸው በብረት ምስማር የተመታ አልነበረም፤ በገመድ የተሳሰረ፣ ማለት የተሰፋ ነበር። አንዳንዶች በባሕሩ ውስጥ ብረት የሚስብ ድንጋይ ስላለ ነው ይሉ ኖሯል። እርሱ ግን ይህን ተረት አይቀበልም። ምክንያቱ ሮማውያን ለኢትዮጵያውያንና ለህንዶች ብረት እንዳይሸጥ በሞት ቅጣት መከልከላቸው ነው ይላል። ልብ በሉ፤ በዚያ ዘመን ሸራው ብቻ ሳይሆን መርከቡ ራሱ ስፌት ነበር።

ዛሬም ቢሆን አብዛኛው ወደ አገራችን የሚገባው ዕቃ በመርከብ ጅቡቲ ደርሶ ነው የሚመጣው። የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ በ1956 ዓ.ም. የተቋቋመ ድርጅት ነው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ለዓለም መርከቦች መሐንዲሶችን ያሠለጥናል። ከምናስተምራቸው ልጆች አንዱ ነገ መርከበኛ አይሆንም ያለ ማነው?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን፣ ወደ ጨርቁ እንግባ። ሸራ መስፋት ቀላል የሚመስለው ያልሞከረው ነው። ዋናው ችግር የመስፈርት ችግር ነው። ሞዴላችን ርዝመቱ 40 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ከእውነተኛው 30 ጊዜ ያህል ያንሳል። እንጨቱን 30 ጊዜ ማሳነስ ይቻላል፤ ደንገሉንም እየሰነጠቁ ማቅጠን ይቻላል። ክርን ግን 30 ጊዜ ማሳነስ አይቻልም! 0.3 ሚሊ ሜትር የሚወፍር አቡጀዲ በሞዴሉ ላይ ብንሰቅል ውፍረቱ በእውነተኛው ጀልባ ላይ 9 ሚሊ ሜትር ሆነ ማለት ነው። ይህ ሸራ ሳይሆን ምንጣፍ ነው። በስፌት መኪና የተሰፋ 2 ሚሊ ሜትር የሆነ ስፌት በእውነተኛው ላይ 6 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ባሕር ላይ የሚወጣ ሸራ በ6 ሳንቲ ሜትር ስፌት የሚሰፋ ሰው ነፍስ ገዳይ ነው። እስቲ የሒሳብ መምህሮቻችን ይፍረዱን፤ ስለ መስፈርት ለ6ኛ ክፍል ተማሪ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ከየት ይመጣል?

ስስ ጨርቅ ፍለጋ ሦስት ሆነን ወደ ፒያሳ የወረድነው በዚህ ምክንያት ነው። አራዳ የጥንቱ ገበያ ነው። ገበያው በጣልያን ወረራ ዘመን ወደ መርካቶ እስኪዛወር ድረስ የከተማው ሰው የሚገናኘው በቅዱስ ጊዮርጊስ ፊት ነበር። ሠራተኛ ሰፈር የተባለውም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የእጅ ባለሙያዎች ስለ ሰፈሩበት ነው። ሰፊው፣ አንጥረኛው፣ አናጢው ጎን ለጎን የኖረበት መንደር ነበር። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ሲፈርስ ከዚያ ሰፈር የነበሩ ብዙ ሰዎች ወደ ሌላ ቦታ ሄደዋል። ስለዚህ «እዚያ ጥግ ላይ አንድ ልብስ ሰፊ አለ» ብሎ የነገረን ሰው ያለው ጥግ ራሱ አልነበረም። ጥቂት ከተዟዟርን በኋላ ግን መኪናቸውን በጠባብ ክፍል በር ላይ ያስቀመጡ አንድ አዛውንት ልብስ ሰፊ አገኘን።

«ጋሼ፣ በጣም ስስ የሆነ ነጭ ቁራጭ ጨርቅ ይኖርዎታል?» አልናቸው።

«ለምን ልብስ ነው?»

«ለጀልባ ነው፣ ጋሼ።»

መነጽራቸውን አውልቀው አዩን። «ጀልባ ደግሞ ይለብሳል እንዴ?» አሉ። ነገሩን ስናስረዳቸው ግን አልሳቁብንም። ከመኪናቸው ሥር ያለውን የቁራጭ ጆንያ ጎትተው አወጡና አብረውን ይመርጡ ጀመር። እኛ ሻሽ ጥሩ መስሎን ነበር። እርሳቸው ሻሹን በብርሃን አንጻር ይዘው፣ «ይኸ ወንፊት ነው፤ ነፋሱ ያልፍበታል እንጂ አይይዝም» አሉን። ቴትሮንም አልወደዱትም፤ «ይኸ ቀለም አይጠጣም፤ ሻይ ብታፈሱበትም ታጥቦ ይወጣል» አሉ። በመጨረሻ ያወጡልን ከአንድ ያረጀ የጥጥ ሸሚዝ ጀርባ የተቀደደ ጨርቅ ነው። ብዙ ጊዜ ከመታጠቡ የተነሣ ሳስቷል፤ ድርና ማጉ ግን ገና አልላላም። እንኳን ገንዘብ ሊቀበሉን፣ «ሲያልቅ አምጥታችሁ አሳዩኝ» ብለው ሸኙን።

ከእርሳቸው ከተማርነው ዋናው የጨርቅ አቅጣጫ ነው። ጨርቅን በድሩ ወይም በማጉ ብትስበው ብዙ አይለጠጥም። በሰያፍ ብትስበው ግን ይለጠጣል፤ ቅርጹም ይጠፋል። ነጠላ ያላችሁ አሁኑኑ ሞክሩት። ስለዚህ ሸራው ሲቆረጥ ድሩ ከላይ ወደ ታች ቀጥ ብሎ እንዲወርድ መደረግ አለበት። እንደ ቀይ ባሕር ሳንቡክ ሸራው ሦስት ማዕዘን ቢሆን ኖሮ ከጎኖቹ አንዱ የግድ ሰያፍ ይሆንና ሥራው ይበልጥ ያስቸግር ነበር። የራ ሸራ አራት ማዕዘን ስለሆነ ከዚህ ጣጣ ድነናል።

ከዚያ በኋላ የሠራነውን ሌሎች ቡድኖች እንዲሞክሩት እንዘርዝረው። ጨርቁን በሙቅ ውኃና በሳሙና አጥበን አደረቅን። አዲስ ሸራ ቢሆን እንኳ እንደ በረዶ አይነጣም፤ ስለዚህ በጠቆረ ሻይ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ነክረን አወጣነው። ገብስማ መሰለ። የቡና አተላም ሞክረናል፤ ቀለሙ ግን እዚህም እዚያም እየጠቆረ ዥንጉርጉር ስላደረገው ሻዩን መርጠናል። በካውያ ተኩሰን በእርሳስ ልክ ነደፍንበት። ከመቁረጣችን በፊት በእርሳሱ መስመር ላይ በውኃ የቀጠነ ኮላ በጣት አስኬድን፤ ሲደርቅ ጨርቁ ሳይተረተር በመቀስ ይቆረጣል። ጠርዙን 3 ሚሊ ሜትር ብቻ አጥፈን ቀመቀምነው። ሁለት ጊዜ ከታጠፈ ይወፍራልና አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚታጠፈው።

እውነተኛ ሸራ ከአንድ ወጥ ጨርቅ አይሠራም፤ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያላቸው ረጃጅም ጨርቆች ጎን ለጎን ተጋጥመው ይሰፋሉ። በእኛ መስፈርት 2 ሳንቲ ሜትር መሆኑ ነው። ታዲያ ይህን ሁሉ መጋጠሚያ እንስፋ ብንል ከላይ ያልነው የስፌት መጠን ችግር ይመጣል። የሞዴል ሠሪዎች ልማድ መጋጠሚያውን በሹል እርሳስ በቀጭኑ ማስመር ነው። «ይኸማ ማታለል አይደለም ወይ?» ብሎ ከመካከላችን የጠየቀ ነበር። አይደለም። በመስፈርቱ ሊሰፋ የማይችለውን ማስመር እውነቱን በሚቻለው መንገድ ማሳየት ነው፤ ሊሰፋ የሚችለውን ጠርዝ በወረቀት መተካት ግን ስንፍና ነው። ልዩነቱ ለእኛ ይታየናል።

በጠርዙ ዙሪያ ገመድ መሰፋት አለበት። ሸራ ነፋስ ሲወጥረው ከጠርዙ እንዳይቀደድ የሚይዘው እርሱ ነው። ለገመድ የተጠቀምነው ወፍራም የጥጥ ክር ነው። ክሩ ጸጉር እንዳያወጣ በሰም ማሸት ያስፈልጋል። ሰሙን ከየት አመጣችሁ ብትሉ ከጧፍ ነው! ከጊዮርጊስ ደጃፍ ከገዛናት አንዲት ጧፍ ላይ ክሩን ሁለት ሦስት ጊዜ ስበን አሳለፍንበት፤ ለስልሶ፣ ጠንክሮ ወጣ። ጧፍ ራሱ በሰም የተነከረ ክር መሆኑን ስናስብ ነገሩ የሚያስደንቅ አይደለም። የመጨረሻው ሥራ ሆዱን መስጠት ነው። ሸራውን በቀጠነ ኮላ አርሰን፣ ፌስታል በተጠቀለለበት ቅል ሆድ ላይ ዘርግተን ብናሳድረው ነፋስ እንደሞላው ሆኖ ይደርቃል። ነገር ግን ይህን የምናደርገው ለኤግዚቢሽን ለሚቆመው ሸራ ብቻ እንዲሆን እንመክራለን። ለክፍል የሚሠራው ሸራ ሳይደርቅ፣ ለስላሳ ሆኖ ይቅር። ልጁ ራሱ እፍ ብሎ ይንፋው። ጀልባው በሳፋ ውኃ ላይ ሲንቀሳቀስ፣ «ለምን ሄደ?» ብሎ መምህሩ ይጠይቅ። ሸራውን በከፊል ሲጠቀልለው ፍጥነቱ ለምን እንደቀነሰ ይጠይቅ።

አንዳንድ ባልንጀሮቻችን፣ «ስልክ ላይ የመርከብ ቪዲዮ ሞልቶ የለም ወይ?» ይሉናል። አለ። ስልኩን ግን እፍ ቢሉት ምን ይሆናል? ከዚህም በላይ ለልምምድ በወጣንበት ትምህርት ቤት 70 ልጅ በአንድ ክፍል ተቀምጦ፣ መብራት በሳምንት ሁለት ቀን እየጠፋ፣ አንዲትን ስልክ እንዴት አድርገን እንደምናዞር የሚያስረዳን ሰው ቢኖር ምስጋናችን የላቀ ነው። ተመርቀን የምንመደብበት ወረዳ ከዚህ የባሰ ሊሆን ይችላል። እዚያ መርፌና ክር ግን አይጠፋም።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ነጥብ መጣን። ስፌቱ ለሴቶች ይሰጥ የሚለው ሐሳብ ከሠልጣኞች ብቻ የመጣ ቢሆን ኖሮ በሳቅ ባለፍነው ነበር። የሥራ ክፍፍሉ በወረቀት ተጽፎ ሲለጠፍም እንጨት፣ ልኬትና ሥዕል ለወንዶች፣ «ጨርቅና ማስዋብ» ለሴቶች ተብሎ ተለጥፏል። በአክብሮት የምንጠይቀው፣ ይህ ከየት የመጣ ሕግ ነው? በአገራችን ጥጡን የምትፈትለው ሴት ናት፤ ሸማውን የሚሠራው ግን ወንድ ነው። ሽሮ ሜዳ ሄዳችሁ በሸማ ጉድጓድ ውስጥ የተቀመጠው ማን እንደሆነ እዩ። የፒያሳ ልብስ ሰፊዎች አብዛኞቹ አባቶች ናቸው። በሸራ በሚሄዱ መርከቦች ዘመንም ሸራ ሰፊ የሚባል ራሱን የቻለ ባለሙያ በመርከቡ ላይ ይሳፈር ነበር፤ እርሱም ወንድ ነበር። ስለዚህ መርፌ የሴት ነው የሚባለው ታሪክ ተመርምሮ አይደለም፤ መርፌ መያዝ የማይፈልግ ሰው ያመጣው ነው።

በዚህ ላይ የሚያስከትለውን ጉዳት እንይ። ከእኛ መካከል ወንዱ ሠልጣኝ መስፋት ሳይችል ተመርቆ ወደ ሩቅ ቀበሌ ቢላክ የተቀደደውን የግድግዳ ካርታ ማን ይሰፋለታል? ሴቷ እህታችንስ መጋዝና ማስመሪያ ሳትይዝ ተመርቃ ብቻዋን ስትመደብ የፊደል ገበታውን ሰሌዳ ማን ይሠራላታል? አንዲት ሠልጣኝ በክርክሩ መሐል፣ «እኔ ቤት ውስጥ ስሰፋ ነው ያደግሁት፤ እዚህ የመጣሁት መሰንጠቅ ልማር ነው» ስትል አዳራሹ ጸጥ ብሏል። ልክ ናት።

የእጅ ሥራን መናቅ በአገራችን የቆየ በሽታ ነው። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ፋቂው ሲሰደብ የኖረበት አገር ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማወጃቸው በታሪክ ትምህርት ተምረነዋል። ለፈተናም መልሰነዋል። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም እኛ መምህር ልንሆን የተዘጋጀነው ወጣቶች፣ «ሸራ ሰፊ!» እያልን እርስ በርሳችን በመኝታ ቤት ስንቀላለድ እንገኛለን። ቀልዱ ቀልድ ነው፤ ሆኖም መርፌውን ደብቆ የሚሰፋ ልጅ ከመካከላችን መኖሩን እናውቃለን።

ስለዚህ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። በመርጃ መሣሪያዎች ማዘጋጃ ክፍል ውስጥ እንደ እንጨቱ ሁሉ ለጨርቅ ሥራም አንድ ጠረጴዛ ይመደብ። ከመጋዙና ከመዶሻው ጋር መርፌ፣ መቀስና ካውያ በዕቃ መዝገብ ይግቡ። የሥራ ክፍፍሉ ወረቀት ይነሣና እያንዳንዱ ሠልጣኝ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ አንድ እንጨት ቆርጦ አንድ ጠርዝ ቀምቅሞ ያስረክብ። መምህሮቻችንም ነጥብ ሲሰጡ ሞዴሉን ከሩቅ ብቻ አይተው ባያልፉ እንወዳለን። ሸራውን ገልበጥ አድርገው ጀርባውን ይዩልን። የሰው ስፌት የሚታወቀው በጀርባው ነው፤ ይህንንም የነገሩን የፒያሳው ጋሼ ናቸው።

ጊዜ የለም የሚለው ምክንያት አያሳምነንም። የእኛን ሸራ ከመታጠብ እስከ ጠርዙ ገመድ የጨረስነው በሦስት ከሰዓት በኋላ ነው። ከዚያም አብዛኛው ጊዜ የሄደው ሻዩና ኮላው እስኪደርቅ በመጠበቅ ነበር። እርግጥ የመጀመሪያው ሸራ ጠርዙ ትንሽ ተጣሞ ወጥቷል፤ ያም ቢሆን ከወረቀቱ ይበልጣል ባዮች ነን። የራ ሸራ በመካከሉ ትልቅ የፀሐይ ክብ ነበረው፤ ዝገት በመሰለ ቀለም የተቀባ። እርሱን ገና አልሳልንም። ቀለሙ በጨርቁ ላይ እንዳይሰራጭ ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ ሥዕል የተማረ ሠልጣኝ ካለ ቢረዳን ደስ ይለናል።

የቁራጭ ጨርቅ ጆንያችን ከማዘጋጃ ክፍሉ ከበሩ በስተቀኝ ተቀምጧል። ከፒያሳ ሦስት ልብስ ሰፊዎች ያገኘነውን ሞልተንበታል፤ ያረጀ የጥጥ ሸሚዝ ያለው ቢጨምርበት አይጠላም። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ክፍት ነው። መርፌ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ጧፉን እኛ እናመጣለን።